ፍራሹ ሥር የተገኘው ሰዓት

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ካሊድ ሆሴይኒ ልብ ወለድ፣ ስለ «ዘ ካይት ረነር» ነው። ሁለት ነገር ላስቀድም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም የታሪኩን መጨረሻ አልደብቅም፤ ያላነበባችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ጆሯችሁን ብትደፍኑ አልቀየምም።

መጽሐፉ የወጣው በ2003 ነው። ደራሲው በ1965 ካቡል ተወለደ። አባቱ ዲፕሎማት ስለነበሩ ቤተሰቡ በ1976 ወደ ፓሪስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አገራቸው እንደ ድሮዋ አልቆየቻቸውም። በ1978 ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ያዙ፣ በ1979 መገባደጃ የሶቪየት ጦር ገባ፤ ቤተሰቡም በ1980 አሜሪካ ጥገኝነት አግኝቶ ካሊፎርኒያ ተቀመጠ። ሆሴይኒ ሕክምና ተምሮ ሐኪም ሆነ። ታሊባን ካይት (በክር ታስሮ በነፋስ የሚበር የወረቀት መጫወቻ) ማብረር መከልከሉን በዜና ሲሰማ በ1999 አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፈ። በ2001 ያንኑ አንሥቶ ወደ ረጅም ልብ ወለድ አሰፋው፤ የሚጽፈውም ሥራ ከመግባቱ በፊት ማለዳ እየተነሣ ነበር። መጽሐፉን ሳይጨርስ የኒውዮርክ መንትያ ሕንፃዎች ተመቱ፣ ዓለምም አፍጋኒስታን የምትባል አገር እንዳለች ድንገት ትዝ አላት።

ስለዚህ መጽሐፍ ሰው ሲያወራ ሁልጊዜ የምሰማው አንድ ነገር ነው፦ «ጓደኛው መንገድ ላይ ሲደፈር ቆሞ ያየው ልጅ ታሪክ»። እውነት ነው፣ እሱም አለበት። እኔ ግን ክህደቱ የተፈጸመው እዚያ መንገድ ላይ ነው ብዬ አላምንም። ክህደቱ የተፈጸመው ከወራት በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ማንም ሳያስገድድ፣ አንድ ፍራሽ ሥር ነው። ይህን ነጥብ ከያዝን የመጽሐፉ ሁለተኛ ግማሽ ሌላ መልክ ይይዛል፤ የምወደውንም የማልወደውንም የምለየው በዚያ ነው።

ልጆቹን ላስተዋውቃችሁ። አሚር የካቡል ሀብታም ነጋዴ ልጅ ነው፤ ዋዚር አክባር ካን በሚባለው የባለጸጎች ሰፈር፣ በትልቅ ቤት ያድጋል። እናቱ እሱን ስትወልድ ሞተች። ሐሰን የቤቱ አሽከር የዓሊ ልጅ ነው፤ ግቢው ጥግ ባለች ጎጆ ከዓሊ ጋር ይኖራል። የእሱ እናት በወለደችው በሳምንቱ ውስጥ ጥላው ሄደች። ሁለቱንም ያጠባቻቸው አንዲት ሞግዚት ናት። ጡት መጣባት ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። ሐሰን አፉን ሲፈታ የመጀመሪያ ቃሉ «አሚር» ነበር። የአሚር የመጀመሪያ ቃል «ባባ» ነው፣ አባቱን። ደራሲው ገና በመጀመሪያዎቹ ገጾች ይህን ብሎን ያልፋል፤ የፍቅሩ አቅጣጫ ከወዴት ወዴት እንደሆነ ከዚህ በላይ አያብራራም።

በመካከላቸው ሌላም ነገር አለ። አሚር ፓሽቱን ነው፣ ሱኒ። ሐሰን ሃዛራ ነው፣ ሺዓ። ሃዛራዎች በ1890ዎቹ በአገሪቱ ገዥ በአብዱራህማን ካን ዘመን ተጨፍጭፈዋል፣ መሬታቸውን ተነጥቀዋል፣ ብዙዎቹም በባርነት ተሸጠዋል። ከዚያ ወዲህ በካቡል ሃዛራ ማለት ተሸካሚ፣ ጽዳት፣ አሽከር ማለት ሆኖ ኖረ። አሚር ይህን ታሪክ ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ ከሟች እናቱ መጻሕፍት መካከል ነው ያገኘው። አስተማሪው መጽሐፉን ሲያይ አፍንጫውን ነፋ።

ታዲያ ጓደኛሞች ናቸው? አሚር ራሱ ሐሰንን እንደ ጓደኛ አስቦት እንደማያውቅ ይናገራል፣ የልጅነቱ ትዝታ ሁሉ ግን በሐሰን ፊት የተሞላ ነው። ጠዋት ሐሰን ቁርስ ያቀርባል፣ ልብሱን ይተኩሳል፤ አሚር ትምህርት ቤት ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ኮረብታው ላይ ካለችው የሮማን ዛፍ ሥር ተቀምጠው አሚር ያነብለታል፣ ምክንያቱም ሐሰን ማንበብ አይችልም። ሐሰን በጣም የሚወደው ከሻህናሜ፣ ከጥንቱ የፋርስ የጀግኖች ግጥም፣ የሩስተምንና የሶህራብን ታሪክ ነው፤ አባት ልጁን ሳያውቀው ጦር ሜዳ ላይ የሚገድልበትን። ሐሰን የማያውቀው ቃል ሲገጥመውና ትርጉሙን ሲጠይቅ፣ አሚር ስድቡን «ብልህ ማለት ነው» ብሎ ይነግረውና በልቡ ይስቅበታል። በኋላ ይጸጽተዋል። ሲጸጽተው ምን ያደርጋል? አሮጌ ሸሚዝ ወይም የተሰበረ መጫወቻ ይሰጠዋል። ይህቺን አሮጌ ሸሚዝ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ደግሞ እንድትስቁ አንዱን ልንገራችሁ። አሚር የመጀመሪያ ድርሰቱን ይጽፋል፦ አንድ ሰው እንባው ወደ ዕንቁ የሚለወጥበት ጽዋ ያገኛል፣ ሀብት ለማግኘት ሲል ማልቀስ አለበት፤ በመጨረሻም የሚወዳት ሚስቱን ገድሎ በዕንቁ ክምር ላይ ያለቅሳል። ፊደል ያልቆጠረው ሐሰን ሰምቶ ያደንቅና በትሕትና ይጠይቃል፦ ሰውዬው ሚስቱን ለምን ገደለ፣ ሽንኩርት ማሽተት አይችልም ነበር? ሃያሲ ማለት እንዲህ ነው። አሚር በዚህች ጥያቄ የተሰማው ቅናት ከዚያ በኋላ ላለው ሁሉ መንገድ ጠራጊ ነው።

ወደ ክረምቱ ልለፍ፣ ወደ 1975። የካቡል ልጆች ካይት የሚለቁት ለውጊያ ነው። ክሩን በሙጫና በተፈጨ ብርጭቆ ይለብጡታል፤ ሰማይ ላይ የአንዱ ክር የሌላውን ይቆርጣል፣ የተቆረጠው ካይት በነፋስ ሲወርድ ደግሞ ልጆች ሮጠው ይሻሙበታል። በውድድሩ መጨረሻ የወደቀውን ካይት የያዘ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ይኮራበታል። ሐሰን በዚህ ሩጫ የሚስተካከለው የለም፤ ሽቅብ ሳያይ ካይቱ የት እንደሚወድቅ ያውቃል። የዚያን ቀን አሚር ያሸንፋል፣ ሐሰን የመጨረሻውን ሰማያዊ ካይት ሊያመጣለት ይሮጣል። አንድ ጠባብ መንገድ ላይ አሴፍ የሚባል ጉልበተኛ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ያገኘዋል። ካይቱን ስጠኝና ሂድ ይለዋል። ሐሰን ለአሚር የያዘውን አልሰጥም ይላል። አሴፍ ይደፍረዋል። አሚር ጥግ ይዞ ያያል፣ ከዚያም ይሮጣል።

የ12 ዓመት ልጅ ነው። ይፈራል። እኔ እዚህ መድረክ ላይ ቆሜ በፈራ ሕፃን ላይ አልፈርድም፣ እናንተም የምትፈርዱ አይመስለኝም። አሚር ራሱ ግን የሚያስፈራ ነገር ይናዘዛል፦ ፍርሃት ብቻ አልነበረም። አባቱ ዞር ብሎ አይቶት አያውቅም ነበር፤ ያንን ሰማያዊ ካይት ይዞ ቤት ከገባ ግን ያየዋል። ለአባት ፍቅር የሚከፈል ዋጋ ካለ ሐሰን ዋጋው ሊሆን ነው። ደግሞስ ሃዛራ አይደለም እንዴ? ይህች የመጨረሻ ሐሳብ ሕፃኑ የፈጠራት አይደለችም፤ ከተማው በሙሉ አስቦ ያቆየለት ናት።

እንግዲህ ወደ ነጥቤ መጣሁ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» እንላለን። በዚህ መጽሐፍ ነገሩ የተገለበጠ ነው። የተወጋው ቁርስ ማቅረቡን ቀጥሏል። ልብስ ይተኩሳል፣ ምድጃ ያነዳል። ጥቂት ቆይቶም በሩን ቆርቁሮ «ኮረብታው ላይ እንውጣና ታነብልኛለህ?» ይላል። ምን እንዳጠፋ እንዲነገረው ይለምናል፣ ከነገሩት እንደማይደግመው እየማለ። ወጊው ነው እንቅልፍ ያጣው። የሐሰንን ፊት ማየት አይችልም። ሐሰን ቢቆጣው፣ ቢመታው፣ ለአንድ ሰው ቢናገርበት ይቀለዋል፤ ሐሰን ግን ይህን አያደርግለትም። አንድ ቀን ኮረብታው ላይ ይወስደውና የበሰለ ሮማን ይወረውርበታል። ምታኝ ይለዋል። ደጋግሞ ይመታዋል፣ የሐሰን ልብስ ደም የነካ እስኪመስል። ሐሰን አንድ ሮማን ያነሣና ወደ አሚር ይጠጋል፤ ከዚያም በገዛ ግንባሩ ላይ ያፈርጠዋል፣ በቃህ ወይ ብሎም ይጠይቀዋል።

ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ያለቅሳል። እኔን የሚያስደነግጠኝ ግን ቀጥሎ ያለው ነው፣ ምክንያቱም እዚያ እንባ የለም፣ ስሌት ብቻ ነው። አሚር መጀመሪያ አባቱን አዲስ ሠራተኞች ብንቀጥርስ ብሎ ይጠይቃል። አባትየው እንደ ነብር ይቆጣዋል፤ ዓሊና ሐሰን የትም አይሄዱም። አሚር 13 ዓመት ሲሞላው ድግስ ተደግሶለት ስጦታ ይጎርፍለታል። ከስጦታዎቹ መካከል ሰዓቱንና ጥቂት ብር ይወስዳል፣ ጎጆዋ ባዶ የምትሆንበትን ሰዓት ይጠብቃል፣ ገብቶ ከሐሰን ፍራሽ ሥር ያስቀምጠዋል። ከዚያ ሄዶ ለአባቱ ሰዓቴ ጠፋ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ያሰበው አለመሳካቱ ነው። አባትየው ሐሰንን ሰርቀሃል ወይ ሲለው ሐሰን አዎን ይላል። አሚር በዚያች ቅጽበት ይገባዋል፦ ሐሰን ሁሉን ያውቃል። መንገዱ ላይ ቆሞ ሲያየው እንደነበር ያውቃል፣ አሁንም እያዳነው ነው። አባትየውስ? በሕይወቱ ይቅር የማይለው አንድ ኃጢአት ብቻ ነበር፣ ስርቆት፤ ሌላው ኃጢአት ሁሉ የስርቆት ዓይነት ነው ብሎ ልጁን ያስተማረ ሰው ነው። እሱም ወዲያው ይቅር ብዬሃለሁ ይላል። አሚር ይህን አልጠበቀም። ዓሊ ግን ከዚህ በኋላ እዚህ ቤት መኖር አንችልም ይላል፣ አባትየው እያለቀሰ ቢለምነውም አይመለስም። በዝናብ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ ይሄዳሉ። አሚር የፈለገው ሆነለት፤ የሚያየው ዓይን ከቤቱ ወጣ።

መንገዱ ላይ የሆነው ድክመት ነው። ፍራሹ ሥር የሆነው ግን የበደሉትን ሰው ከዓይን ለማራቅ ሲባል ዳግም መበደል ነው። ሰው በበደለው ሰው ላይ ለምን እንደሚጨክን ይህን ያህል በቅርብ ያሳየኝ ሌላ ልብ ወለድ አላስታውስም።

መካከሉን በፍጥነት ልለፈው። ንጉሡ ዛሂር ሻህ በ1973 ከዙፋን ወርደዋል። እኛ ንጉሣችንን ያወረድነው በዓመቱ ስለሆነ ከዚያ በኋላ የመጣውን ግራ መጋባት እዚህ ያላችሁ ትልልቆች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። አባትና ልጅ በ1981 በጭነት መኪና ሸሽተው በፓኪስታኗ ከተማ በፔሻዋር በኩል አሜሪካ ይገባሉ። ካቡል ላይ ፈላጭ ቆራጭ የነበረው ባባ ፍሪሞንት ከተማ ነዳጅ ማደያ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሑድ ሳን ሆዜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ላይ ይነግዳል። አሚር እዚያ ሶራያን ያገኛታል። ሶራያ ከመጋባታቸው በፊት ያለፈ ገመናዋን ራሷ ትነግረዋለች። አሚር ይቀናባታል፣ እሱ መናገር አልቻለምና። ስደት ለእሱ መደበቂያ ሆኖለታል። በዲያስፖራ ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች ይህን ክፍል ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

በ2001 ስልክ ይደወላል። የአባቱ ወዳጅ ራሂም ካን ፔሻዋር ላይ ታሟል፣ ና ይለዋል። ሲሄድ የሚሰማው ይህ ነው። ሐሰን ማንበብና መጻፍ ተምሮ ነበር። አግብቶ ወንድ ልጅ ወልዶ ሶህራብ ብሎታል፣ ከሮማኑ ዛፍ ሥር ከሰማው ታሪክ። ራሂም ካን ቤቱን እንዲጠብቅለት ካቡል ሲያመጣው ትልቁ ቤት ውስጥ አልኖርም ብሎ እዚያችው ጎጆ ገብቷል። ታሊባን በኦገስት 1998 ማዛሪ ሻሪፍ ከተማ ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ገደለ፣ አብዛኞቹ ሃዛራዎች፤ ይህ ታሪክ ነው። ልብ ወለዱ ውስጥ ደግሞ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ታሊባኖች ሐሰንን ከቤቱ አውጥተው መንገድ ላይ ይረሽኑታል፣ ሚስቱንም። ልጁ ወላጅ አልባ ማሳደጊያ ገብቷል። ሌላም ምሥጢር አለ፦ ዓሊ መካን ነበር። ሐሰን የባባ ልጅ ነው።

አሁን አሮጌዋን ሸሚዝ አምጡልኝ። ባባ ካቡል ውስጥ በገዛ ገንዘቡ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ ያሠራ ሰው ነው፤ ለድኻ እጁ የማይታጠፍ። ራሂም ካን ያንን ሁሉ ጸጸቱ የወለደው ደግነት ነው ይለዋል፣ በአድናቆት። እኔ ግን ሌላ ነገር ነው የሚታየኝ። ለማያውቃቸው ልጆች ቤት የሠራው ሰው የወለደው ልጅ ግቢው ጥግ ባለች ጎጆ አሽከር ሆኖ አደገ። ለልደቱ ሐኪም ከሕንድ አስመጥቶ የተሰነጠቀ ከንፈሩን አሰፋለት፤ ልጄ ግን አላለውም። አባትም ልጅም ዕዳቸውን ከሩቅ ሆነው ነው የከፈሉት፣ አንዱ በሕንፃ፣ አንዱ በአሮጌ ሸሚዝ። መጠጋት የሁለቱም አቅም አልነበረም።

አሚር ካቡል ይገባል፣ ሶህራብን ያገኘዋል። የያዘው ታሊባን ማን ሆኖ ተገኘ? አሴፍ። ያው የልጅነት ጉልበተኛ። እዚህ ላይ ደራሲው አሳዝኖኛል። በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ባለበት አገር፣ ከ25 ዓመት በኋላ፣ ያው ሰው በዚያው ዓይነት ወንጀል! አሴፍ አሚርን አጥንቱ እስኪሰባበር ይደበድበዋል፣ አሚርም እየተመታ ይስቃል፣ ቀለለኝ ይላል። የላይኛው ከንፈሩ ይሰነጠቃል፣ ልክ እንደ ሐሰን። ሶህራብ በወንጭፍ የአሴፍን ዓይን ያጠፋል፣ አባቱ ሐሰን በልጅነቱ አሴፍ ላይ እንደዛተው። ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ተቀመጠ፣ ዕዳው ተከፈለ። ፊልም ቤት የሚያስጨበጭብ ነው፣ ግን አላምነውም። የመመታት ዕዳ የሮማኑ ቀን ሐሰን ያልከፈለለት ነው፤ ከአሴፍ ሲቀበለው አሚርን ቀለለው እንጂ ለሐሰን የጨመረለት ነገር የለም።

ደግነቱ መጽሐፉ እዚያ አያልቅም። እስላማባድ ላይ አሚር ለሶህራብ ቃል ይገባለታል፦ ወላጅ አልባ ማሳደጊያ ዳግም አትገባም። ከዚያ ጠበቃው የማደጎ ወረቀቱ እንዲሳካ ልጁ ለጊዜው ማሳደጊያ ቢገባ ይሻላል ይላል፣ አሚርም ተቀብሎ ለልጁ ይነግረዋል። ያው ሰው፣ አሁን 38 ዓመቱ፣ ያለ ፍርሃትና ያለ ክፋት፣ ለወረቀት ብሎ ቃሉን ያጥፋል። በዚያው ሌሊት ሶራያ ሌላ መፍትሔ መገኘቱን በስልክ ታበሥረዋለች፤ የምሥራቹን ሊነግረው ሲሄድ ልጁ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሱን ሊያጠፋ ሞክሮ ያገኘዋል።

ልጁ ይተርፋል። አሜሪካ ይመጣል፣ አይናገርም። ወራት ያልፋሉ፣ ዓመት ሊሞላ ይቃረባል፣ አይናገርም። ለእኔ የመጽሐፉ ቤዛነት ይህ ነው፤ ደራሲው ያሰበው የካቡሉን ድብድብ ቢሆንም እንኳ። በ13 ዓመቱ የተጎዳ ልጅ በቤቱ ሲዘዋወር ማየት አቅቶት ሰዓት የደበቀው ሰው፣ አሁን የተጎዳ ልጅ በቤቱ አለ፤ አያየውም፣ አያመሰግነውም፣ ይቅርም አይለውም። እሱ ደግሞ አይሸሽም። ቁርስ የሚያቀርበው አሁን እሱ ነው።

ስለ ሐሰን ልጨምር፣ ምክንያቱም ቅሬታ አለኝ። ሐሰን ከመጠን በላይ ደግ ነው። ቂም የለው፣ ቁጣ የለው፣ የራሱ ፍላጎት የለው። የራሱን ድምፅ የምንሰማው ከሞተ በኋላ በምትደርስ አንዲት ደብዳቤ ነው፤ እሷም በናፍቆት የተሞላች ናት። የሃዛራን ግፍ ለዓለም ያሰማ መጽሐፍ ሃዛራውን ራሱን እምብዛም አላናገረውም። ነገሩ ግን በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ፊልሙ በ2007 ሲወጣ የመንገዱ ትዕይንት የጎሣ ቁጣ ያስነሣል ተብሎ ስለተፈራ ሕፃናቱ ተዋንያን ከካቡል ወደ ኤምሬትስ ተወስደዋል፣ የአፍጋኒስታን መንግሥትም ፊልሙን አግዷል። የልጆቹን ያህል ማንም ዋጋ አልከፈለም፤ ይህንን ደግሞ ልብ ወለዱ ራሱ ነግሮን ነበር።

የመጨረሻ ጉዳዬ የእራት ጠረጴዛው ነው። የሶራያ አባት ጄኔራሉ ይህ የሃዛራ ልጅ ልጄ ቤት ምን ይሠራል፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ ይላል። አሚር አባቴ ከአሽከሩ ሚስት የወለደው ወንድም ነበረኝ፣ ይህ የወንድሜ ልጅ ነው፣ ሁለተኛ በፊቴ «የሃዛራ ልጅ» እንዳትለው፣ ስም አለው ይለዋል። አዳራሽ ሙሉ ሰው እዚህ ላይ ሲያጨበጭብ አይቻለሁ፣ እኔም አጨብጭቤያለሁ። ግን አሚር ይህን ለማለት ደም አስፈልጎታል። ፔሻዋር ላይ ወንድምነቱ እስኪነገረው ድረስ ካቡል አልገባም፣ ገንዘብ እከፍላለሁና ሌላ ሰው ይሂድ ብሎ ነበር። ሐሰን የዓሊ ልጅ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ አብሮ አደግ ብቻ፣ አሚር ይሄድ ነበር ወይ? ደራሲው ምሥጢሩን ባያስገባ ኖሮ መጽሐፉ ከባድ ይሆን ነበር፣ የተሻለም ይሆን ነበር ብዬ አስባለሁ። ከፊት የተቀመጡት እናት ገና ጄኔራሉን ስጠቅስ እጃቸውን አንሥተው ነበርና፣ የማይስማሙ መሰለኝ፤ ማይኩን ለእሳቸው ስጡልኝ።